ዘይቤ መስሎኝ ያረምኩት ወረቀት

ቴፒ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ የምኮራበት ሕግ ነበረኝ። ስለ ዘመናዊ ልቦለድ በምንማርበት ክፍል፣ «የዛሬ ደራሲ ብቸኛ ነኝ ብሎ አይጮህም፤ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ የተዘጋ በር፣ መልስ ያጣ ጥያቄ ያሳያችኋል» እል ነበር። ከዚያ ስለ ብቸኝነት አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። «ብቸኝነት የሚለውን ቃል የጻፈ ግን ዜሮ ነው!» አልኩ። ሳቁ። እኔም በራሴ ቀልድ አብሬ ሳቅኩ፤ ምነው ያን ጊዜ አፌን በዘጋው!

ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። እዚህ ከስም ሰፈር፣ ከሰፈር ቋንቋ ይነበባልና፣ «ለወገኑ ማርክ ሰጠ» እንዳልባል ያመጣሁት መላ ነው። መላ ዐዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ።

አርብ ዕለት ወረቀት ሲሰበሰብ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ከጌጫ የመጣችው ልጅ ወፍራም ሹራብ ለብሳ ገባች። የቴፒ ሙቀት ሰው ይቀቅላል፤ እሷ ትንቀጠቀጣለች። «ምነው፣ የጌጫን ብርድ ይዘሽብን መጣሽ እንዴ?» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አንገቷን ደፋች።

እሑድ ሳርም አንድ ወረቀት አስደነገጠኝ፤ የደነገጥኩት በደስታ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ውሃው አልቋል። ጀሪካኑ በሩ አጠገብ ነው። በሩ በየቀኑ ይርቃል። ሹራብ ደርቤም ይበርደኛል። አከራዬ ለቅሶ ሄደዋል። ውጭ ሰው ሲያልፍ እሰማለሁ። ልጣራ ስል አማርኛው ይጠፋኛል። በእናቴ ቋንቋ ብጣራ ማን ይሰማል?» እሰይ አልኩ። በቀይ እስክሪብቶ፣ «የሚርቀው በር ድንቅ ዘይቤ ነው! የተቆራረጠው ዐረፍተ ነገር የገጸ ባሕርዩን መነጠል ያሳያል» ብዬ ጻፍኩና ከክፍሉ ትልቁን ማርክ ሰጠሁ።

ማክሰኞ ወረቀት መለስኩ። ቁጥር እጠራለሁ፣ እየመጡ ይወስዳሉ። «አርባ ሦስት!» አልኩ። የመጣ የለም። «አርባ ሦስት! የት አለ ደራሲያችን?» ቀና ስል መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው። ወረቀቱን ዝቅ ብዬ አየሁት፤ «ሹራብ» የሚለው ቃል ዐይኔ ላይ ተተከለ። እንደገና ሳነበው ዘይቤ የሚባል ነገር አንድም አጣሁበት። ልጅቱ የጻፈችው የሆነችውን ነው። ወባ ጥሏት፣ ውሃ የሚያቀብላት አጥታ፣ ትንሽ ሲሻላት ተነሥታ የቤት ሥራዋን ይዛልኝ መጥታለች።

«ይቺ ልጅ የት ናት?» አልኩ። ከአርብ ወዲህ ያያት የለም። ስልኳ ዝግ ነው። አንድ ተማሪ ብቻ የተከራየችበትን ግቢ ነገረኝ፤ ከቡናው እርሻ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው። ሌላ ነገር ለመጠየቅ አልቆየሁም፤ ሮጬ ወጣሁ።

የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃው ላይ ቆመ። «ከዚህ ወዲያ አይገባም፣ መምህር፤ እዚሁ እጠብቅዎታለሁ» አለ ሾፌሩ። ወርጄ በቡናው መሀል ሮጥኩ። ቀን ነው፤ ከጥላ ዛፎቹ ሥር ግን ጨለምለም ይላል፣ ዝር የሚል ሰው የለም። ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የፈራሁት ለራሴ ነው። ሞታ ባገኛትስ? ለእናቷ ምን እላለሁ? ልጅዎ መታመሟን ነግራኝ «ድንቅ» ብያታለሁ ልበል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያን ወረቀት እንደጨበጥኩ ነበር። ወደ ግቢው ስቃረብ ግን ስለ ራሴ ማሰቡም ጠፋኝ፤ «አምላኬ፣ እባክህ ትኑር፣ ትኑር ብቻ» እያልኩ እሮጣለሁ።

የአከራይዋ ቤት ተቆልፏል። ከጓሮ ያለችውን ክፍል አንኳኳሁ። ገፋሁ፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ልጣራ አፌን ከፈትኩ፤ የምጠራው ስም የለኝም። ወራት አስተምሬያት፣ በሰው ፊት አሹፌባት፣ ማርክ ሰጥቻት፣ ስሟን አላውቅም። በድንጋጤ አፌ ላይ የመጣልኝን ጮህኩ፦

«አርባ ሦስት!»

ከወለሉ አካባቢ፣ «አቤት፣ መምህር» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

በሩን በትከሻዬ ገንጥዬ ገባሁ። በሩና አልጋው መሀል ወድቃለች፤ ሰውነቷ እሳት ነው። ታቅፌያት ባጃጁ ድረስ እንዴት እንደደረስኩ ዛሬም አላውቀውም። ይመስገነው ተርፋለች፤ ያን ሰዓት ግን ማን ያውቃል? ባጃጁ ሲነሣ፣ «ስምሽን ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ዐይኗ ሊከደን ሲል በስሟ እጠራታለሁ፣ «አቤት» ትላለች። እጠራታለሁ፣ «አቤት» ትላለች። ጤና ጣቢያ ልንደርስ ስንል ጠራኋት፤ ዝም አለች። ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ዝም። ይሄኔ ሾፌሩም አብሮኝ በስሟ መጣራት ጀመረ።