ግራጫው መሳቂያ የሆነበት ቀን

ሰሞኑን ዲላ ገበያ ውስጥ የልጆች ቦርሳ ከሚሰቀልበት ሱቅ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ቦርሳው ሰማያዊ ነው፤ ገና ከላስቲኩ የወጣ ዕቃ ይሸታል። ላዩ ላይ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ጥርሱን ገልፍጦ ይስቃል። ልጄ እሱን ካልገዛሽልኝ ብላ ቀሚሴን ያዘች። ነጋዴው ፊልሙ እንደ አዲስ መሠራቱን፣ ልጅ ሁሉ እሱን እንደሚጠይቅ ነገረኝ። ቢራቢሮ ያለበትን ገዝቼላት ሄድኩ። እያለቀሰች ተከተለችኝ።

ያንን ሰውዬ አውቀዋለሁ። እኔ የማውቀው ጥርሱን ለማንም አሳይቶ አያውቅም።

ያወቅሁት በሥዕል መጽሔት ነው፤ ኮሚክ በሚሉት። አባቴ የአንድ ሚሲዮን ግቢ ዘበኛ ነበር። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የልጆቻቸውን መጽሔቶች በካርቶን ትተው ሄዱ፣ አባቴም ካርቶኑን ተሸክሞ ቤት አመጣው። ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል ብሎ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ።

ወንድሜ ይንተባተብ ነበር። ቤት ውስጥ በጌዴኦኛ ሲያወራም፣ ውጭ በአማርኛ ሲያወራም ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ይቆምበታል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ሱቅ ሲላክ ሳሙና ከማለት በጣቱ ማሳየት ይቀለው ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ደግሞ የሚረዳው መስሎት ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስለታል። የዚያን ያህል የሚያናድደው ነገር አልነበረም።

ከካርቶኑ ውስጥ ታዲያ ግራጫው ወጣ። ይህንን ስም ያወጣንለት እኛ ነን፤ ከአናቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ግራጫ ካባ ስለሚለብስ። ቀን ቀን በጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ጀርባውን ብቻ እያሳየን፣ ሰዓት ይጠግናል፤ ሌሊት ጭምብል ያጠልቃል። ኃይሉ መስማት ነው። ከተማው ዳር ያለ ሰው በሹክሹክታ ቢጠራው ይሰማዋል፣ ይደርስለታልም። እና ይንተባተባል። ከአፉ በሚወጣው ነጭ ክብ ውስጥ ፊደሉ እየተደጋገመ ተጽፏል። ጠላቶቹ ንግግሩን ሊጨርሱለት ሲጣደፉ እሱ እጃቸውን ጠምዝዞ መሣሪያቸውን ይነጥቃቸዋል።

ወንድሜ ይህን ያገኘ ዕለት ገጹን ደጋግሞ በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ ወደ እኔ አዞረው። "እ... እዪ፣" አለኝ። "ጽ... ጽፈውታል።"

ከዚያ በኋላ ከጓሯችን፣ ከእንሰቱ ሥር ቁጭ ብለን ያነብልኝ ነበር። በትልልቆቹ ቅጠሎች ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ገጹ ላይ ያርፋል። ከመንገዱ ማዶ የቡና መቀሸሪያ ማሽኑ ያጓራል፣ የገለባው አቧራ አፍንጫ ይኮረኩራል። እንግሊዝኛውን እያየ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል፤ ያልገባውን ከራሱ ይፈጥራል። አንድ ነገር ግን እስካሁን ይገርመኛል። የሌሎቹን ንግግር ሲያነብ ምላሱ ይያዛል። ግራጫው ሲናገር ግን ፊደሉ በተደጋገመበት ልክ ደጋግሞ፣ መቆም ባለበት ቆሞ፣ እንደ ዜማ ይወርድለታል። አይጨፍንም። አንገቱም አይገተርም።

ወንድሜ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ ነው የግራጫው ፊልም ዲላ የደረሰው። ያኔ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መሪ የነበረው ሰው፣ በሚቀጥለው ፕሮግራም የእግዚአብሔርን ቃል አንተ ታነባለህ ብሎት ነበር። ወንድሜም እሺ ብሏል። እናቴ ይህንን ስትሰማ ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ልምምዱን የምሰማው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ከግራጫው አንድ ገጽ፣ ከዚያ መዝሙረ ዳዊት። በግራጫው የተፈታው ምላሱ መዝሙሩንም ይዞለት ይሄድ ነበር።

ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ቪዲዮ ቤት በር ላይ የፊልሙ ፖስተር ተለጠፈ። ካባው ሰማያዊ ሆኗል። ልቤን ቅር አለው፤ ወንድሜ ግን ለፖስተር ብለው ነው አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሸሚዙን አስተኩሶ ለብሶ ወሰደኝ።

አዳራሹ ጨለማ ነው። የረጠበ ሹራብና የተቆላ ኦቾሎኒ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ባለቤቱ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል። ፊልሙ በአማርኛ የተተረጎመ ነበር፤ ያው እንደምታውቁት፣ ለወንዱም ለሴቷም ለሕፃኑም አንድ ሰው ነው የሚናገርላቸው።

ግራጫው ገና ብቅ ሲል ጭምብሉን አወለቀ። በመጽሔቱ ላይ ፊቱን አንድም ቀን አይተን አናውቅም። ለካ መልከ መልካም ነው፤ ለካ ጥርሱ ነጭ ነው። ሰዓት ቤቱ የለም፤ ሀብታም አድርገውታል። መስማቱ የለም፤ ክንዱ ላይ እሳት የሚተፋ ብረት አስረውለታል። ሕንፃ ሰው ላይ እየተናደ እሱ ይቀልዳል፣ አንዲት ሴት አቅፎ ይስማል፣ ተመልሶ ይቀልዳል። አፉ ደግሞ እንደ ጨረታ አጫራች ነው፤ አያቋርጥም። እጠብቃለሁ፤ አንድ ቃል እንኳ ይይዘው ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፦ ሰውዬውን ሰው ያደረገውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ መንጥረው ካወጡ በኋላ በመጽሔቱ ያለውን ስሙን ብቻ ተዉለት። ሌላ ስም አውጥተው የራሳቸውን ሰው ቢሠሩ ማን ይከለክላቸው ነበር?

ይህም ባልከፋ። መንተባተቡን ግን አልጣሉትም። ለክፉው ሰውዬ አሽከር ሰጡት።

አሽከሩ ወፍራም ነው፣ ሱሪው ይወርዳል፣ በየበሩ ይጋጫል። ጌታው አንድ ነገር በጠየቀው ቁጥር ይንተባተባል፣ እሱ ቃሉን እስኪጨርስ የሆነ ነገር ይፈነዳል። ተርጓሚው ነገሩ ጥሞታል መሰለኝ፣ ከፊልሙ በላይ ይጎትተው ነበር። "ጌ... ጌ... ጌ... ጌ..." ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላችን ያለው ሰው አግዳሚውን ይደበድባል። ከወንድሜ ክፍል ልጆች መካከል ጥቂቶቹ ከፊት ተቀምጠው ነበር። አንዱ ወደ እኛ ዞረ፣ ከዚያ ጎረቤቱን በክርኑ ነካው።

የወንድሜን ፊት ለማየት አልደፈርኩም። እጁን ብቻ አየሁ፤ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቶ አይንቀሳቀስም። እንውጣ ብዬ ሸሚዙን ጎተትኩት። ለመውጣት በፊልሙ ብርሃን ፊት ማለፍ ነበረብን። ራሱን ነቀነቀ። እስከ መጨረሻው ተቀመጥን።

ቤት ስንደርስ በራችን ላይ፣ ጭቃውን ከጫማው እየጠረገ፣ "እሱ አ... አይደለም" አለ።

ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ስሙ ተቀይሮ ጠበቀው። በአሽከሩ ስም ይጠሩት ጀመር። ክፉ ልጆች ነበሩ ብዬ ልናገር አልችልም፤ ከዚያ በፊት ተሳስተው እንኳ ሰድበውት አያውቁም። እንዴት እንደሚሳቅበት ያስተማራቸው ፊልሙ ነው። የፕሮግራሙ ቀን ስሙ ሲጠራ ወንድሜ አልተነሳም። መሪው ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ሌላ ልጅ ወጥታ አነበበች። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ባለቤቱ ደጃፉን ይጠርግ ነበር።

"ጋሼ፣ ይኼ ፊልም ውሸት ነው" አልኩት። "የሚንተባተበው ዋናው ሰውዬ ነው።"

መጥረጊያውን አስደግፎ አየኝ። አልተቆጣም፤ የምለው አልገባውም። "ልጄ፣ እኔ አልሠራሁት" አለኝ። "ደግሞ ሰው ወዶታል። ስንት ሳቀ።"

ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች ገነጠልኩት። እስኪይዘኝ አልጠበቅኩም።

ሰውዬው ለአባቴ ነገረው። አባቴ ተቆጣኝ፣ ነገር ግን ምክንያቱን ሲሰማ ቁጣው መሃል ላይ ቆመ፤ ካፖርቱን አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ። ወንድሜ ጥግ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ጥቂት ቆይቶ ከአልጋው ሥር መጽሔቱን አወጣና ወደ ጓሮ ተከተይኝ አለኝ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ መቀሸሪያው ግን ዝም ብሏል።

ገልጦ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። "ዛሬ አ... አንቺ አንብቢልኝ።"

ገጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። የሌሎቹን አነበብኩ። ግራጫው ጋ ስደርስ መደጋገሙን ዘልዬ በአንድ ትንፋሽ አለፍኩት።

"እንደ ተ... ተጻፈው" አለኝ ቀስ ብሎ።

እንደገና ጀመርኩ። እሱ ሲያነብ የምሰማውን ያንን ዜማ ልይዝ ሞከርኩ፤ ፊደሉን አንዴ አልኩ፣ ደገምኩ። ከአፌ የወጣው የተርጓሚው ድምፅ ነበር። አጎታተቱም፣ ማላገጡም አልቀረ። ደንግጬ ሌላ መስመር ሞከርኩ። ያው ነው። ስንት ዓመት የሰማሁትን የወንድሜን ድምፅ ብፈልገው አጣሁት፤ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከጆሮዬ አውጥተው የነሱን አስገብተውበታል።

ወንድሜ አሁን የሚኖረው ፍስሐ ገነት ከተማ ነው፤ የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፣ ሚስቱ ጨዋታ አዋቂ ናት። ስደውልለት ስልኩን ለእሷ ያቀብላታል። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ያን ዕለት ግን አልተቆጣኝም። መጽሔቱን ከጭኔ ላይ አንስቶ በጥንቃቄ ዘጋው፣ ፀጉሬ ላይ የወደቀውን ገለባ አራገፈልኝ።

"ይበቃል" አለኝ። "ደ... ደክሞሻል።"

አልደከመኝም ነበር።