በእህቴ ሠርግ ላይ የጠራሁት ስም

አዲስ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ድረስ ባለሁበት እቆማለሁ። ሽታው መንዝ ውስጥ ባለው ሰፈራችን ለእህቴ ለአስናቀች ሠርግ ወደተጣለው ዳስ ይመልሰኝና፣ ወረቀት ይዤ የቆምኩ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያደርገኛል።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ጌታነህ በእርሻ ድንበር ጠብ ከተገደለ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሯል፤ ነገር ግን በእኛ አገር ደም በእስር ብቻ አይደርቅም። ሽማግሌዎች በዝናብ እየተመላለሱ ሁለቱን ቤት አስታረቁ፣ እርቁም እንዲጸና አስናቀች ለገዳዩ ታናሽ ወንድም እንድትዳር ተወሰነ። አባቴ እሺ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በር ላይ ተቀምጦ ዝናቡን እያየ ጠመንጃውን ይወለውላል፣ እኔም የጨርቁን ድምፅ እየሰማሁ፣ የታረቀው አፉ ነው ወይስ ልቡ እያልኩ እፈራው ነበር።

ገብሱ ሲታጨድ የሠርጉ ወሬ ደራ። በቤታችን ሠርግ ቆሞ የሚናገረው፣ ሙሽራዋንም ለአማቾች የሚያስረክበው ሁልጊዜ ጋሼ ጌታነህ ነበር። ማን ይተካው ሲባል አባቴ፣ «አንደበቴ ለእነሱ አይፈታልኝም። ብርቄ ተምራለች፣ እሷ ትናገር» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከደብተሬ ላይ ወረቀት ገንጥዬ ጻፍኩ፣ ከገብሱ ክምር ጀርባ ተደብቄም ጮክ ብዬ አነብ ነበር። የነፍስ አባታችን አዩትና፣ «የሟቹን ስም ሰርዢው ልጄ፤ የተዳፈነ እሳት አይጫርም» አሉኝ። አስናቀችም ምንጭ ስንወርድ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ «አንቺ ተናግረሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። እዚያ ቤት የማድረው እኔ ነኝ» አለችኝ። ስሙን ሰረዝኩት።

ጥር ገባ። በሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ዳሱን ቅጠል እያለበሰ ጠራኝና «እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ። ቅርንጫፉን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ስሙስ የታለ?»

«የነፍስ አባታችን ናቸው አባባ…»

«እንግዲያው አንቺ ካልጠራሽው እኔ እጠራዋለሁ» ብሎ ቅርንጫፉን ጥሎ ወደ ቤት ገባ። ጠመንጃው የተሰቀለው እዚያ ነው። ለእናቴ ብነግራት ጩኸት ይነሳል፣ ለእህቴ ብነግራት ሠርጉ ይፈርሳል ብዬ ለማንም ሳልናገር አመሸሁ፣ ሳልተኛም አደርኩ።

በማግስቱ የሙሽራው አጃቢዎች እየተኮሱና እየጨፈሩ መጡ፤ በእያንዳንዱ ተኩስ ዓይኖቼን እጨፍን ነበር። አባቴ አልተኮሰም። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከአማቾቹ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ስጠራ አግዳሚው ወንበር ላይ ወጣሁና ወረቀቱን ዘረጋሁ። የአስናቀች ፊት ተሸፍኖ ነበርና የማየው ተጨምድደው የተያያዙትን እጆቿን ብቻ ነው። ወደ አባቴ ዞርኩ፤ እጁ ጠመንጃው ላይ ነው፣ ዓይኑ እኔ ላይ። ወረቀቱን አጥፌ፣

«ዛሬ እዚህ ቆሞ እህቴን የሚያስረክባችሁ ጋሼ ጌታነህ ነበር» አልኩ። «እሱ ስለሌለ እኔ ቆሜያለሁ። እህቴን አደራ!»

 ከወዲህም ከወዲያም ግማሹ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ብሏል። የሙሽራው አባት፣ ሽበታሙ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ቀስ ብለው ወደ አባቴ ሄዱ።

«እኔም ስሙን ስሸሸው ኖሬያለሁ» አሉ። «የገደለው የእኔ ልጅ ነው። ልጅህን እንደ ልጄ ባልይዛት፣ የጌታነህ ደም ይፋረደኝ። ነፍስ ይማር!»

«ነፍስ ይማር!» አለ ዳሱ በሙሉ።

 አባቴ ጠመንጃውን አጠገቡ ለተቀመጠው ጎረቤታችን አቀበለና በጋቢው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ከአግዳሚው መውረድ አቅቶኝ እናቴ ተሸክማ አወረደችኝ።

አባቴ በዚያን ቀን ከአማቾቹ ጋር እህል አልቀመሰም። አስናቀችም ሳታናግረኝ ሄደች፣ እኔም ምን ያደርጓት ይሆን እያልኩ ጾሙን በሙሉ በስጋት አሳለፍኩት። ለፋሲካ ከባሏ ጋር ለአባቴ በግ እየነዱ ሲመጡ ሮጣ አቀፈችኝና፣ «ያን ቀን በእጄ ብትገቢ ገድዬሽ ነበር!» ብላ ሳቀች። ከክረምቱ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው።

አሁን የምኖረው ከተማ ነው። ሠርጉ በአዳራሽ ነው፣ ንግግሩ በማይክ፤ ወጣቶቹ ከስልካቸው ላይ ያነባሉ፣ ተጋባዡም እያወራ ይበላል። ዘንድሮ የአስናቀች ትልቋ ልጅ ልታገባ ነውና ንግግር እንዳደርግ ጠየቀችኝ። «ግን አጭር ይሁን አክስቴ፣ ሰው ይሰለቻል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያኔ የፈራሁት አንዲት ቃል ሰው እንዳታስገድል ነበር፤ ዛሬ የምፈራው የሚሰማኝ እንዳላጣ ብቻ ነው። ለእሷ ሠርግ የተረፈው ፍርሃት ይህ ትንሹ በመሆኑ፣ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።