እንድሪስ የጠየቀው ጥያቄ

ልጅ ሳለሁ፣ በከተማችን በመርሳ መብራት በጠፋ ቁጥር አያታችን ሼህ ይማም ከማንጎው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ያስነጥፉና፣ ለትንኝ የምናጨሰው ኩበት ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ እኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ፤ ወንድሜ እንድሪስ ግን ጺም ማብቀል ጀምሯል።

እንድሪስ ሳቂታና ደፋር ነበር፤ አይሆንም ያሉትን ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። ድሮ መግሪብን ከአያታችን ጎን ቆሞ ይሰግድ የነበረው ልጅ ያን ዓመት ሰላቱንም ትምህርቱንም ተወ። አስፋልት ዳር ጫት ሲቅም ይውላል፤ ወደ ውርጌሳ በሚያልፉ የጭነት መኪኖች ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። እናቴ «የዚህን ልጅ ቀልብ ማን ወሰደው?» እያለች ታለቅስ ነበር።

አንድ ምሽት ዓይኑ ቀልቶ መጣና ከጭሱ ዳር ተቀመጠ። አያታችን አዩት፤ ጓደኞቹ ፈሪ እንዳይሉት ብሎ የሞላ ወንዝ ሊሻገር ገብቶ ስለቀረ ጎረምሳ ይነግሩን ጀመር። እናትየው ከወንዙ ዳር ሆና ስትጣራ የሚለው ጋ ሲደርሱ፣ የኩራዙ ብርሃን በእንባዬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እንድሪስ ግን ቀና ብሎ፣

«አባዬ፣ ባይሻገርስ ወዲህ ምን ይጠብቀው ነበር?» አላቸው።

ሊያሾፍባቸው አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቃቸው።

«አላህ ያውቃል፣ ልጄ» ብለው ሙስበሃቸውን መቁጠር ያዙ። እንድሪስ ጥቂት ጠበቃቸውና ተነስቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ከሰፈር ጓደኛው ጋር ደላላ ተከትለው ወደ ሳዑዲ ወጡ። ጓደኛው ብቻውን ተመልሶ፣ ጀልባው ሰው በዝቶበት ባሕር ላይ እንደተገለበጠ፣ እንድሪስንም በጨለማው እንዳጣው ነገረን። እናቴ «ሬሳውን ሳላይ አልቀመጥለትም» ብላ ለቅሶ ከለከለች። አያታችን ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገሩም። ስንለምናቸው አንዴ ብቻ፣ «ልጁ መንገድ ጠየቀኝ፤ እኔ ተረት ነገርኩት» አሉን።

ዛሬ ወልድያ አስተምራለሁ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪ አለኝ፤ ማታ የት እንደሚያመሽ ከዓይኑ ይታወቃል። በቀደም ብቻውን አስቀርቼ ሳነጋግረው፣ «ቲቸር፣ ተምሬስ የት ልደርስ ነው?» አለኝ። ተረትም ምክርም አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ነገ ትመጣለህ?» አልኩት።

«እንጃ» አለኝ።

ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ይህ ፍርሃት ነው፤ ጠዋት ክፍል ስገባ፣ ተማሪዎቹን ሰላም ሳልል፣ ዓይኔ የእሱን ወንበር ይፈልጋል።