ቤቱን ያሳየችው ሴትዮ

ባለፈው ኅዳር፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኦክላንድ መሃል ከተማ ባለ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት የጀርመን ፊልም አየሁ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲቃረብ አንዲት ሴት በሯን ከፍታ፣ ከምርኮ ለተመለሰ ወታደር ስለ ወንድሙ አንድ ነገር ትነግረዋለች። ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ አነበብኩ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ በጨለማው ውስጥ ጻፍኩት። ያንን ንግግር ከዚህ በፊት በአማርኛ ሰምቼዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲናገረው ሰምቼ፣ ሰው በተሰበሰበበት «እንደዚያ አይልም» ብያለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ፣ የአንድ አሮጌ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጭጋግ በወረደ ቁጥር የኮሪደሩ ምንጣፍ እርጥብ ውሻ ውሻ ይሸታል። አባቴ ወርቅነህ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጥ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ግን ምሥራቅ ጀርመን አራት ዓመት ተቀምጦ የፊልም አጠባ ተምሯል፤ አዲስ አበባ ተመልሶም በዚያው ሙያ ሠርቷል። ኦክላንድ ስንገባ ከዚያ ሕይወቱ የቀረው ጀርመንኛውና አንድ የፊልም ዳይሬክተር ነበሩ። ዳይሬክተሩን በስሙ አይጠራውም፤ «ሰውየው» ነው የሚለው። ተማሪ ሳለ ሰውየው ትምህርት ቤታቸው መጥቶ ሲናገር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አዳምጦታል። ያችን ሦስተኛ ረድፍ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ከሰውየው ሥራዎች ሦስቱ ይበልጣሉ ይል ነበር። ዛሬ ስለ ፊልም የሚጽፉትም የሚጠሩት እነዚያኑ ሦስቱን ነው። አንደኛው ባቡር መምጣት ያቆመበት ጣቢያ ውስጥ ማታ ማታ ፋኖስ የሚያበራ ሠራተኛ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ላይ የግድብ ውኃ ሊውጠው በተቃረበ መንደር አንዲት ሴት እስከ መጨረሻው ቀን ዳቦ ትጋግራለች። ሦስተኛው ወንድሙን የሚፈልገው ወታደር ነው። አባዬ ሦስቱንም በቪዲዮ ካሴት ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ ያመጣቸው ነበር። የካሴቶቹ ሣጥን ጠርዝ በሰው እጅ ብዛት ጥጥ መስሎ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎናችን ሲኒማ ቤት ይሆናል። አባዬ ከሥራ ቦታው ያልተሸጡ የመኪና ማቆሚያ ቲኬቶች ያመጣል። እኔ በር ላይ ቆሜ ለእንግዳ ሁሉ አንድ አንድ አድላለሁ፤ ወዲያው መልሼ ተቀብዬ እቀድድለታለሁ። ያለ ቲኬት ማንም አይገባም፤ እማዬም ብትሆን። መጋረጃው ይዘጋል። ማጫወቻው ሲግል የሚያወጣው የፕላስቲክ ሽታ፣ የምስር ሳምቡሳው፣ የእንግዶቹ እርጥብ ካፖርት አንድ ላይ ይሸቱኛል። አባዬ ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱካ ላይ ተቀምጦ ጀርመንኛውን በጆሮው እየሰማ በአማርኛ ይናገራል። ለሴት ብሎ ድምፁን አያቀጥንም፤ ለሽማግሌም አያጎረንንም። ዝም ብሎ በራሱ ድምፅ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ሰዎቹ ራሳቸው አማርኛ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር።

ከማይቀሩት እንግዶች ሦስቱ ትዝ ይሉኛል። ዮሴፍ ባለ ታክሲው ሁልጊዜ ዘግይቶ ገብቶ «ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ ለተብርሃን አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ትንሽ ሱቅ የነበራት ሴት ናት። ወንድሟን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤቱ ወስደውታል፤ አስከሬኑን አላገኘችም። ሦስተኛው ጋሽ ተካ ነው። ሳቂታ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ለልጆች ቸኮሌት የማይነሳ ሰው ነበር። ፊልሙ ላይ የሚያስቅ ነገር ሲመጣ አባዬ ተርጉሞ ሳይጨርስ ቀድሞ ይስቃል። ፈጣን ሰው ይመስለኝ ነበር። በቀይ ሽብሩ ዘመን ቀበሌ ውስጥ ሹም ነበር የሚል ወሬ እንዳለ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ትልልቆቹ አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነበራቸው፤ «በዚያን ጊዜ የት ነበርክ?» ተብሎ አይጠየቅም።

እኔም ሥራ ነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንግሊዝኛ የከበደው ሁሉ ፖስታውን ይዞ እኛ ቤት ይመጣል። የመብራት፣ የኪራይ፣ የኢሚግሬሽን፣ የሐኪም ቀጠሮ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነኝ። «ምን ይላል?» ይላሉ፤ ይላል ያልኩትን ይላል። ማንም ሌላ ሰው አይጠይቅም። ጋሽ ተካ «እንግሊዝኛዬ የሰካራም ነው» እያለ የራሱን ይዘረጋልኛል። «ክብርት ዳኛ፣ አንብቢና ፍረጂ» ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ያ እሑድ የወታደሩ ፊልም ተራ ነበር። አባዬ መጨረሻ ያስቀመጠው ስለሚበልጥ ነው። ወታደሩ በር ያንኳኳል፣ ሴትዮዋ ትወጣለች፣ ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ከዚያ ተናገረች። ጋሽ ተካ ሳምቡሳውን ወደ አፉ ሊያደርስ ነበር፤ ሳህኑ ላይ መለሰው። አባዬ ከእሷ ትንሽ ዘግይቶ እንዲህ አለ፦ «ቤቱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ሲያወጡት መጋረጃው ኋላ ቆሜ አይቻለሁ።»

«አቁመው» አለ ጋሽ ተካ።

አባዬ አቆመው። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ወርቅነህ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ምን አመጣለሁ? ሴትዮዋ ያለችው ነው።»

«የለም። ሦስተኛ ረድፍህን ታገስንህ፣ ይህን ግን አንታገስህም። ለማን ነው የወረወርካት?»

ዮሴፍ «ኧረ ጋሽ ተካ፣ ፊልም እኮ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። እትዬ ለተብርሃን እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ቴሌቪዥኑን ብቻ ታያለች።

«እሺ፣ እንግሊዝኛው ከሥር አለ አይደል?» አለ ጋሽ ተካ። «ዳኛዋ ታንብብልና። ማሂ፣ ነይ።»

አባዬ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከክሁ። ነጩ ጽሑፍ ሥዕሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ አለፈ። ሁለት መስመር ናት። ሌሊት መጡ፤ ማን እንደላካቸው የሚያውቅ የለም።

«እንደዚያ አይልም» አልኩ። «ማን እንደላካቸው አይታወቅም ነው የሚለው።»

እትዬ ለተብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «እርግጠኛ ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አይ አም ሹር» አልኳት። እንግሊዝኛ የተናገርኩት ለማስረገጥ ነበር።

አባዬ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። ቁልፉን ተጫነና ካሴቱን አወጣው፤ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። «እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል» አለ።

«አልተሳሳትክም» አለ ጋሽ ተካ ካፖርቱን እየለበሰ። «ነገር ይዘህ ነው። ዳኛዋ ፈርዳለች።» ሲወጣ እንደ ልማዱ ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። እማዬ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች። ለማን እንዳለችው አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ እሑድ ቤታችን ሲኒማ አልነበረም። የመኪና ማቆሚያ ቲኬቶቹ መሳቢያ ውስጥ ቀሩ፤ እኔ ጀርባቸው ላይ ሥዕል ሠራሁባቸው። ቴሌግራፍ ላይ ባሉት ምግብ ቤቶች «ወርቅነህ በፊልም አሳቦ ሰው ይሳደባል» ተባለ። አባዬ የእድሩ ጸሐፊ ነበር፤ በሚቀጥለው ምርጫ ስሙን የጠራ አልተገኘም። እትዬ ለተብርሃን መንገድ ላይ ስታገኘን እኔን ትስማለች፤ ለእሱ ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ደብዳቤዎቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። ጋሽ ተካም ይመጣል፤ አባዬ ሥራ የሚገባበትን ሰዓት ጠብቆ። እኔ አነብለታለሁ፤ ቸኮሌቴን እቀበላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባዬ ኩፐርቲኖ አንድ ትልቅ ኩባንያ በር ላይ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረና ሳን ሆዜ ገባን። ከኦክላንድ ሊሰናበተን የመጣው ዮሴፍ ብቻ ነበር።

አድጌ ጋዜጠኛ ሆንኩ። በሥራዬ ሁለት ምንጭ ያልመሰከረለትን ነገር አልጽፍም፤ ስሳሳት በማግስቱ ማረሚያ አወጣለሁ። ስለ አባቴ ግን የነበረኝ ምንጭ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የቪዲዮ ካሴት ላይ የተጻፉ ሁለት መስመሮች ናቸው።

ባለፈው ኅዳር፣ ያ እሑድ ፊልሙ ሲያልቅ ዝግጅቱን የመራችውን ሴት አናገርኳት። የድሮው ካሴት ትርጉም አጥሮ ከቀረበ ጽሑፍ ላይ የተሠራ መሆኑን፣ አዲሱ ግን ከጀርመንኛው የንግግር ጽሑፍ እንደተተረጎመ ነገረችኝ፤ ገጹንም አሳየችኝ። ፎቶ አነሳሁት። ሰኞ ጠዋት ለአንድ የጀርመንኛ መምህር ላክሁና ስለ ፊልሙ ምንም ሳልነግረው እንዲተረጉምልኝ ጠየቅሁት። «ቤቱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ሲያወጡት መጋረጃው ኋላ ቆሜ አይቻለሁ» ብሎ መለሰልኝ። አባዬ አንዲት ቃል አልጨመረም።

ዮሴፍ አሁን ፕሌዘንተን ነው ያለው። ደወልኩለት። «ማሂ! ትዝ አለኝ፣ አባትሽ የጨመረባት ሴትዮ!» አለ። አለመጨመሩን ነገርኩት። «አጃኢብ ነው። እንግዲህ ተካ የለ፣ ለተብርሃን የለች፣ ለማን ይነገራል? ልጆች ደህና ናቸው? ሳምንት ኮል አደርግልሻለሁ» አለኝ። ይህን እስከምጽፍ አልደወለም። እትዬ ለተብርሃን ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። «እርግጠኛ ነሽ?» ብላኝ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳን ሆዜ ወረድኩ። አባዬ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን ይኖራል፤ እማዬ ካረፈች ወዲህ መጋረጃውን ከፍቶት ነው የሚውለው።

«የወታደሩን ፊልም አየሁት» አልኩት። «በአዲስ ትርጉም።»

ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «ሴትዮዋ ምን አለች?»

ነገርኩት።

«እኔስ ምን ብዬ ነበር?»

«እንደሱ።»

«እ» አለ።

«አባዬ፣ ያኔ ለምን ‹ልጅቷ አታውቅም፣ ጀርመንኛው ሌላ ነው› አላልክም?»

«እና ቅዳሜ ደብዳቤውን ማን ያነብ? ልጅቷ ትሳሳታለች ከተባለ ያ ሁሉ ሰው ፖስታውን ይዞ የት ይሄዳል? እኛስ? የግሪን ካርዳችን ወረቀት ያኔ ገና አልመጣም ነበር።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «እሱን ትቼዋለሁ። የከፋኝ ሌላ ነው። ከንቲባ ጠየቅሽ፣ ፖሊስ ጠየቅሽ፣ ሌባ እስር ቤት ድረስ ሄደሽ ጠየቅሽ። ይኸው ስንት ዓመት። እኔን አንድ ቀን፣ አባዬ፣ ያን ዕለት የሰማኸው ምን ነበር ብለሽኛል?»

አላልኩትም።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩ።

«ሻይ ትጠጫለሽ?» አለ።

ጠጣሁ። በልጅነቴ እሱ ሲናገር ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር፤ አሁን የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው። ልሄድ ስነሳ ከመሳቢያው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። «ቀብሩ ላይ ያደሉት ነው። አንቺ ማስረጃ ትወጃለሽ» አለኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገለጥኩት። ከስድስት ዓመት በፊት ያረፈው የጋሽ ተካ የሕይወት ታሪክ ነው። ከፎቶግራፉ ሥር፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ፣ «በመንግሥት ተልከው ምሥራቅ ጀርመን ለሁለት ዓመት ሠልጥነዋል» ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሴት ልጁ ጋ ደወልኩ። ትክክል መሆኑን አረጋገጠችልኝ። ከድሮ የትምህርት ጓደኞቹ ጋር በስልክ ሲያወራ ትሰማው እንደነበር ነገረችኝ። ጀርመንኛው፣ አለች፣ ከእንግሊዝኛው በጣም ይሻል ነበር።