የዘገየ ስለት ይዘን ወደ ግሸን

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም። ሐይቃችን ነው የወሰደው። እኔ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ያሳመነችኝም የአባቴ እህት እትዬ ዘነበች ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና ቢኒያም በታይፎይድ ተኝቶ ሳለ «ካዳንሽልኝ ጃንጥላ ይዤ ግሸን እመጣለሁ» ብዬ ለማርያም ተሳልኩ። ዳነ። መስከረም ሲደርስ መንገዱ ሰላም አልነበረምና ስለቱ ቀረ። በቀጣዩ ክረምት ልጁ ውሃ ገብቶ ሲቀር፣ እትዬ ለቅሶው መሀል ብድግ ብላ «ስለት አስቀርታ ነው!» አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናቴም አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችኝም።

ስለዚህ ጉዞ ወጣን።

ሐይቅ፣ ሊነጋጋ ሲል

እትዬ ነጭ በነጭ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ባለ ወርቅማ ዘርፉ ቀይ ጃንጥላ ከነላስቲኩ እኔ ብብት ሥር ነው። መንገድ ላይ ያገኘችን ጎረቤት «ወዴት ነው በጠዋቱ?» ትላለች።

«ግሸን። የዚችን ጣጣ ልጨርስ።»

ጣጣው እኔ ነኝ። መታጠፊያው ላይ ሐይቁ ብቅ ይላል፤ ጉም ተከናንቦ ተኝቷል፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው። ዓይኔን ወደ ጃንጥላው መለስኩ።

ወደ ውጫሌ

አባዱላው ለሦስት በተሠራ ወንበር አምስት ሰው ይጭናል። እትዬ ታሪኬን መጀመሪያ ለግራዋ ነገረች፣ ቀጥላ ለቀኟ፣ ከዚያ የኋላዎቹ አልሰማንም ስላሉ ለመኪናው በሙሉ። ታሪኩ በየኩርባው ይወፍራል። ከሐይቅ ስንወጣ ስለቷን የረሳች ልጅ ነበርኩ፤ ውጫሌ ስንቃረብ በጃንጥላው ብር ጫማ የገዛች ሆንኩ። ጫማዬን ያየ የለም እንጂ፣ ቢያዩት ታሪኩ እዚያው ይሞት ነበር።

«እቴ! የዛሬ ልጆች!» አለች አንዷ፣ የተጠበሰ በቆሎዋን እየጋጠች። ከንፈሯን መጠጠችልኝ፤ ከዚያ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች። አንዱ አልቅሺ ይወጣልሽ አለኝ፤ አጠገቡ ያለው እንባ ሙት ያሰቃያል አለኝ። ሁለቱም ሊቃውንት ናቸው።

ሾፌሩ አያ ሰይድ በመስታወቱ አየን። «እትዬ፣ ይተዋት እንጂ ልጅቷን። እኔስ ለግሸን ስንት ስለት አለብኝ! ወላሂ፣ ይህች መኪና እስካሁን ገደል ያልገባችው ማርያም ስለማትቆጥር ነው።»

«አንተ ደግሞ በግሸን ምን አግብቶህ?»

«እናቴ እኔን ያገኘችው በግሸን ስለት ነዋ! አሁን ስታየኝ ግን እኔን መልሳ ስለቷን ብትቀበል ደስ ይላታል።»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እትዬ አልሳቀችም። እሱ ወደ እኔ ዞር ብሎ «አብሽሪ እህቴ» አለኝ። እስከዚያ ሰዓት የሰማሁት የሰው ቃል እሱ ብቻ ነበር።

ውጫሌ፣ ረፋድ

ባጃጁ ይርመሰመሳል፤ ቀይ ሽንኩርት በጆንያ፣ የላስቲክ ጫማ በሸራ ላይ። ሽሮ አዘዝን። እትዬ እየጎረሰች ዕቅዷን ነገረችኝ።

«ላይ ስንደርስ ምስክርነት ትሰጫለሽ። በሕዝብ ፊት። ስለት አስቀርቼ ወንድሜን አስበላሁት ትያለሽ።»

«ካልኩ እናቴ ታናግረኛለች?»

«ታናግርሻለች።»

«እሺ» አልኩ።

ግሸን ሥር

መኪና እዚህ ያበቃል፤ የቀረው የእግር ነው። ታች አሥራ አምስት ብር የነበረ ውሃ ሽቅብ በሄድን ቁጥር ይወደዳል። ከከተማ የመጡ፣ በነጭ ቀሚስ የተሽሞነሞኑ ሴቶች በየመታጠፊያው ስልካቸውን ዘርግተው ራሳቸውን ይቀርጻሉ። ትሕትና ለካ ጥሩ ብርሃን ይፈልጋል! ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ ሽማግሌም አለ። በእሱ ቀናሁ። ላይ ሲደርስ ያወርደዋል።

አምባው ላይ

ስለት የሚቀበለው ወጣት ላብ በላብ ሆኗል፤ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ጃንጥላዬን ተቀብሎ ከክምሩ ላይ ጨመረው። ክምሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ቆሜ አየሁት። ይህን ሁሉ ጃንጥላ ያላት እናት፣ የኔ አንዱ ቢቀርባት ልጅ ትወስዳለች? ይህን ያህል ክፉ ያደረጓት እነማን ናቸው?

እትዬ ግን እጄን ይዛ ጎተተችኝ። በአውቶቡስ የመጡ ማኅበርተኞች ጥግ ይዘው በድምፅ ማጉያ ምስክርነት ያሰማሉ። አንዱ የጠፋች ላሙ ተገኘች፤ እልል! አንዷ ቪዛ ተመታላት፤ እልል! ተራዬ ደረሰ። ማጉያው አፌ ላይ ሲደርስ አፏጨ። ያጠናሁትን ፈለግኩ፤ የለም። የመጣልኝን አልኩ።

«ወንድሜ ቢኒያም ይባላል። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር አደገ። ዋና ግን አይችልም ነበር። እኔም አልችልም፤ ያስተማረን የለም። ኳሷ ውሃ ላይ ሄደችበት። ሊያመጣት ገባ። ሞተ።»

እልልልልል!

ስጨርስ የእልልታው ተራ የደረሰ መሰላቸው። ከበሮው ተመታ። ባለማጉያው «አልሞቀም! ደግማችሁ እልል በሉላት!» ይላል። ደገሙት። ወንድሜ ሞተ ብዬ እልል ተባለልኝ። አንድ ሰው እንኳ አልሰማም፤ ለማልቀስም ለመሳቅም ግራ ገባኝ።

እትዬ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል። ማጉያውን ከባለማጉያው እጅ ነጠቀች።

«ዝም በሉ! ልጅ ነው የሞተው! የወንድሜ ልጅ ነው የሞተው!»

ድምጿ መሀል ላይ ተሰበረ። በለቅሶው ስትጮህ እንጂ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። መሬት ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማኅበርተኞቹ ራቅ ብለው ሌላ ምስክር ጠሩ።

ሐይቅ፣ በማግሥቱ አመሻሽ

በመልሱ መኪና አንዲት ሴት «ስለት ልታስገቡ ሄዳችሁ ነው?» ብላ ጀመረች። እትዬ መልስ አልሰጠችም፤ ያ ለእሷ ተአምር ነው።

ቤት ስንገባ ግን ከእናቴ መደብ ጫፍ ተቀመጠችና «ልጅሽ ምንም አላጠፋችም። ዓምና መንገድ አልነበረም፤ እኔም ግሸን ሳልሄድ እቤቴ ነበርኩ። ያጠፋው አፌ ነው» አለቻት። እናቴ ተነስታ ውሃ በሳፋ አመጣችና «እግርሽን ታጠቢ፣ አቧራ ሆነሻል» አለችኝ።

ጥቅምት ላይ እትዬ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ሐይቁ ዳር ወረደች። አንዱን ዓሣ አጥማጅ ዋና እንዲያስተምርላት ለመነችው። እኔንም አስጠራችኝ። ልጆቹ ውሃ ውስጥ እያሉ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገብታ ቆመች፤ እስኪወጡ ድረስም ከዚያ አልተነቃነቀችም።