የሀይረዲን መኪና ጭስ

ሀይረዲን በደህናው ዘመን የአቃቂን ተሳቢ ሁሉ በጆሮው ያክም የነበረ መካኒክ ነው። ሞተር ሲነሳ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያዳምጥና «ሦስተኛው ፒስተን» ይላል፤ ተፈትቶ ሲታይ ሦስተኛው ነው። ታዲያ ስትሮክ የሚሉት ሌባ አንድ ጠዋት መጥቶ ቀኝ ጎኑን ይዞበት ሄደ። ጆሮውንና ምላሱን ትቶለታል። ምነው እነሱንም በወሰደለት!

የቀረችው ደስታ አንዲት የአሻንጉሊት መኪና ነበረች። አሻንጉሊት ስትባል በባትሪ የምትንፏቀቅ እንዳትመስላችሁ፤ የምር ሞተርና ጭስ ማውጫ ያላት፣ ናይትሮ የሚባል ነዳጅ የምትጠጣ፣ ከሩቅ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የምትነዳ ናት። አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት ናት። ነዳጇ ዘይት የተቀላቀለበት ስለሆነ ከኋላዋ ሁልጊዜ ቀጭን ጭስ ትጎትታለች። ያ ጭስ ካለ ዘይቱ ለሞተሩ እየደረሰ ነው፤ ከጠፋ ሞተሩ ደርቆ እየነደደ ነው። ሀይረዲን ይህን ከመሐንዲሱ ተምሮ፣ እሁድ እሁድ ገላን ኮንዶሚኒየም አስፋልት ላይ ሲያስጋልባት መንደርተኛው ጉድ ይል ነበር።

ከታመመ ወዲህ መኪናዋ አልጋ ሥር ገባች። እሱ ግን መቆጣጠሪያውን በግራ እጁ ይዞ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ጎማዎቿን ግራና ቀኝ ማዞር ይለማመዳል። መራመድ እምቢ ቢለው መንዳት እሺ ይለዋል። የጎደለው ገመዷን ስቦ የሚያስነሳ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ሚስቱ ሐጀራ በቀለን ለምና አመጣችለት።

በቀለ ድሮ የሀይረዲን ረዳት፣ አሁን የባጃጅ ጋራዥ ባለቤት ነው። «ጋሼ ሀይሩ» ይል የነበረ አፉ፣ ሰውዬው በወደቀ ማግስት «ሀይሬ» ማለት ለመደ። ይሁንና ሐጀራ ባሏን ለሕክምና የምታመላልሰው በሱ ባጃጅ ነውና ማን ምን ይለዋል?

እሁድ ከሰዓት ሀይረዲንን የፕላስቲክ ወንበር ላይ አድርገው አስፋልቱ ዳር አስቀመጡት። ሰው ተሰበሰበ። በቀለ ካንዴላዋን አግሎ ገመዷን ሳብ ሲያደርግ መኪናዋ ጭሷን እያንቦለቦለች ተነሳች። ሀይረዲን በግራ እጁ ነዳት፤ ሄደች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። እንባው ወረደ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አላየም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ግን ሲያጌጡ ይመላለጡ ሆነ።

«ይቺማ ታማለች!» አለ በቀለ ጭሱን እያየ። ባጃጅ ካጨሰ ሞተሩ አልቋል ማለት ነው፤ የበቀለም እንጀራ ጭስ ማጥፋት ነው። «እንዲህ እያጨሰች ቦሎ አታልፍም!» ሲል ሰዉ ሳቀለት። በዚያ ሳቅ ሞቅ ብሎት ካቻቢቴውን አወጣና ነዳጅ የሚያሳልፈውን ብሎን ጠበቅ አደረገው፤ ነዳጁ ሲቀንስ ጭሱም ይቀንሳል።

«ተው በቀለ፣ ጭሱን አትንካው» አለ ሀይረዲን።

«እሺ ሀይሬ፣ እሺ» አለው፤ ለሕፃን እንደሚባለው። ደግሞ ጠበቅ።

ጭሱ ሳሳ፤ መኪናዋ ከቅድሙ ይልቅ ፈጠነች። ሰዉ አጨበጨበ። ሀይረዲን ግን ድምፅዋ ሲቀጥን ሰማ፤ ጉሮሮው የደረቀ ሰው የሚጮኸው ጩኸት ነው። የመቆጣጠሪያውን ነዳጅ መስጫ ለቀቀና አቆማት።

«እየነደደች ነው! በአላህ ብሎኑን መልሰው! ካላመንከኝ ምራቅህን ጠብ አድርግባት፣ ወዲያው ሲተን ታየዋለህ!»

«እጅህ ደክሞት ነው፤ አምጣው» አለና በቀለ መቆጣጠሪያውን ከግራ እጁ ፈልቅቆ ወሰደው።

ሀይረዲን ሊነሳ ሲታገል ወንበሩ ተንጋደደ። ሁለት ጎረምሶች ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። «አይዞዎት አባባ፣ አይናደዱ፣ ግፊትዎ ይነሳል።» የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዷ ሴትዮማ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ «ጭንቅላቱንም ነክቶታል መሰለኝ» አለች። እሱ ሁሉንም ይሰማል። ከሁሉም በላይ ሞተሯን ይሰማል።

በቀለ ብሎኑን ለመጨረሻ ጊዜ አጥብቆ ለቀቃት። ጭስ የሚባል የላትም። አስፋልቱን ከጫፍ ጫፍ እየጮኸች በረረች፤ ሰዉ ፎከረ፣ አፏጨ። ሀይረዲን ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ጩኸቷ ተቆረጠ። በቀለ ገመዷን ቢስብ ፍንክች አልልም አለ፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቷል። መለዋወጫዋ ደግሞ በአገሩ አይገኝም።

በቀለ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና «ድሮም አልቃ ነበር፤ ለዚህ ነው ስታጨስ የነበረው» አለ። ሰዉም «እውነት ነው፣ አርጅታለች» አለ። «አይደለም እንዴ ሀይሬ?» ሲል ዘወር አለበት።

ሐጀራ ከወንበሩ ኋላ ሆና የባሏን ትከሻ ጨበጥ አደረገች። ነገ የሐኪም ቀጠሮ አለው።

«አዎ፣ አልቃ ነበር» አለ ሀይረዲን። «በከንቱ አደከምኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

በቀለም ሰዉ ሁሉ እየሰማ ይቅር አለው።