ሬዲዮው ዝም ያለበት ግድግዳ

ላሊበላ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። በጭቃ ምርግ የተሸፈነ ቀጭን የመብራት ሽቦ በግድግዳ ውስጥ የት የት እንደሚያልፍ በጆሮዬ እለያለሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮን መርፌ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አቁሞ ሬዲዮውን ግድግዳው ላይ ማስኬድ ነው። ሽቦው ጋ ሲደርስ እንደ ንብ ይጮኻል። ጎረቤቶቼ ሚስማር ከመምታታቸው በፊት ይጠሩኛል። መጠራቱን እወደው ነበር፤ አልዋሽም።

መብራት ከጠፋ ወራት ካለፉ በኋላ ጎረቤቴ እማሆይ አስጠሩኝ። ጋሸና ያለ ዘመዳቸው የብረት ፍሬም ያለው የእመቤታችን ሥዕል ልኮላቸው ሊሰቅሉት ነው። ሬዲዮውን ከላይ እስከ ታች አስኬድኩት፤ ድምፅ የለም። ምንም ሽቦ እንደሌለ ነግሬ ሚስማሩን ራሴ መታሁት። ኮረንቲ የሌለበት ሽቦ እንደማይጮኽ አጥቼው አይደለም። ጨለማውን ከመልመዴ የተነሣ መብራት ተመልሶ እንደሚመጣ ዘንግቼው ነው።

መብራት በመጣ ማግሥት ጠዋት እማሆይ ሊሳለሙ እጃቸውን ሲዘረጉ ሥዕሉ መትቶ ጣላቸው። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ያሻሉ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የመታሁት ሚስማር ሽቦውን ወግቶ ኮረንቲው ወደ ብረት ፍሬሙ አልፏል። ልናገር ስል ግን ቀደሙኝ።

"እመብርሃን ተቆጣችኝ" አሉ። "ሁዳዴን ታምሜ ወተት ቀምሻለሁ።"

አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስሜ እንዳይጠፋ ፈራሁ። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ ሚስማሩን ነቀልኩ፣ ሽቦውን ጠገንኩ፣ ሥዕሉን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወርኩ። ሲመለሱ ይኼኛው ቦታ ብርሃን ያገኛል አልኳቸው። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን አልተጠጉም። በሩ ሥር ቆመው ከሩቅ ይሰግዳሉ፤ እህል እንኳ ቀነሱ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የእኔን ዝምታ አላየም። ባየኋቸው ቁጥር ራሴን እጠላ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አላስችል ሲለኝ እግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሬዲዮውን፣ የሚስማሩን፣ የዝምታዬን። እሳቸውም "እግዜር ይፍታህ ልጄ" ብለው ተነሡና ሥዕሉ ፊት ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

"አንተንስ አምኜሃለሁ" አሉኝ። "እጄ ነው እንቢ ያለኝ።"